ማሸነፍ እየቻለ የሚያቆም ሰው

አሜሪካዊው ቦክሰኛ ቴረንስ ክራውፎርድ በዲሴምበር 2025 ከቦክስ መሰናበቱን ሲያስታውቅ ዕድሜው 38 ዓመት ነበር። በፕሮፌሽናል ደረጃ 42 ጊዜ ተጋጥሞ 42ቱንም አሸንፏል፤ ከእነዚህም 31ዱን የጨረሰው በዝረራ ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ሰው በታደመበት ስታዲየም በሰውነት የሚገዝፈውን ሳውል ካኔሎ አልቫሬዝን በነጥብ ረትቶ የሱፐር ሚድልዌይት ሚዛን ቀበቶዎችን ጠቅልሎ ወስዶ ነበር። ቢቀጥል ኖሮ ቀጣዩ ፍልሚያ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንደሚያስገኝለት ጥርጥር የለውም፤ ተቀናቃኝም፣ አዘጋጅም፣ ተመልካችም አያጣም ነበር። እሱ ግን በቃኝ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዜናው እንደተሰማ እዚህ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ በምንሰበሰብባት የቦክስ መለማመጃ ክርክሩ ጦፈ። እኔ ዛሬ ጓንት የማጠልቀው ለጤናዬ ያህል ነው፤ ወጣቶቹ ግን ሕይወታቸውን ሊመሠርቱበት የሚያስቡ ናቸው። ከመካከላቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠርተው፣ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥተው፣ በደሴ ብርድ ላብ የሚያወጡ አሉ። አንዱ “ከሥር የሚመጡትን ወጣቶች ፈርቶ ነው” አለ። ሌላው “የሽንፈቱን ቁጥር፣ ዜሮዋን፣ ሊያድን ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሸነፈ ስሙ እንደማንም ይሆናል” ሲል መለሰለት። ሦስተኛው ደግሞ ከስንብቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ከሚሰጡት የቦክስ ድርጅቶች አንዱ በክፍያ አለመግባባት ቀበቶውን ስለ ነጠቀው ተናዶ የተወ መሰለው። ሁሉም የሚናገሩት ከልባቸው ነበር፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

እኔ የደረስኩበት እምነት ከሦስቱም የተለየ ነው። ሳይሸነፍ የሚሰናበት ሻምፒዮን፣ እኛ ተመልካቾች የማናየውን ነገር በልምምድ ቤት አይቶ፣ ያየውንም ለመስማት አቅም ያገኘ ሰው ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው፤ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ ያወቁትን ተቀብለው ለመሄድ የሚችሉት ግን ከስንት አንድ ናቸው። ዜሮዋ ከዚህ በኋላ የምትመጣ ነገር ናት፤ እኛ ከሩቅ የምናየው እሷን ብቻ ስለሆነ ምክንያቱም እሷ ትመስለናለች።

ዜሮዋን ሊያድን ነው የሚለውን ሐሳብ እንደ ቀላል ነገር አልተውኩትም። ነገር ግን የቦክስን ታሪክ ስመለከት ያለመሸነፍ ቁጥር ሰውን ከሪንግ ከማስወጣት ይልቅ ሪንግ ውስጥ ሲያቆይ ነው የማየው። የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ላሪ ሆምስ 48 ጊዜ ሳይሸነፍ ተጉዞ፣ በዚያው ሚዛን ሳይሸነፍ የተሰናበተውን የሮኪ ማርሲያኖን 49 ድል ለመድረስ አንድ ብቻ ቀረው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1985፣ ማርሲያኖ የመጨረሻ ፍልሚያውን ካደረገ ልክ በ30ኛ ዓመቱ፣ ሆምስ በ35 ዓመት ዕድሜው፣ “ቀላል ከባድ” ከሚባለው ዝቅተኛ ሚዛን ወደ ከባድ ሚዛን ከወጣው ከማይክል ስፒንክስ ጋር ተጋጠመ፤ ከ15 ዙር በኋላም በነጥብ ተሸነፈ። እዚያም አላበቃም፤ እየወጣ እየተመለሰ እስከ 2002 ድረስ ተፋልሟል። ፍሎይድ ሜይዌዘርም በ2015 አንድሬ ቤርቶን አሸንፎ በ49 ድል ከተሰናበተ በኋላ፣ በ2017 ከዚያ በፊት አንድም የፕሮፌሽናል ቦክስ ፍልሚያ አድርጎ ከማያውቀው ከኮኖር ማክግሪጎር ጋር ለመጋጠም ተመልሶ ቁጥሩን 50 አደረሰው። ቁጥሩ እንዳይበላሽ ብቻ የሚሻ ሰው ያለ ስንብትም መንገድ አለው፤ ደካማ ተቀናቃኝ መምረጥ ይችላል፤ ከሚያሰጉት ወጣቶች ፊቱን ማዞር ይችላል። ክራውፎርድ ግን በመጨረሻው ፍልሚያው ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከ70 ኪሎ ግራም ገደማ ሚዛን ተነሥቶ ወደ 76 ኪሎ ግራም ወጥቶ፣ ለዓመታት እዚያ የነገሠውን ሰው በራሱ ሜዳ ገጠመው። ለቁጥሩ የሚሳሳ ሰው ይህን ፍልሚያ አይነካውም ነበር።

ስለዚህ ምክንያቱን ከቁጥሩ ውጭ መፈለግ አለብን፤ ለዚህ ደግሞ ከማርሲያኖ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ማርሲያኖ በ1923 ብሮክተን በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ የተወለደ፣ ከጣልያን የፈለሱ ወላጆች ልጅ ነው። ከተማዋ የጫማ ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች፤ አባቱም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሲለፋ የኖረ ሰው ነው። ልጁ የአባቱን ሕይወት ላለመድገም ቆርጦ ተነሣ። (ይህን ለኮምቦልቻ ልጆቻችን ስነግራቸው ከቀበቶዎቹ ይልቅ ይህኛውን በትኩረት ያዳመጡት ይመስለኛል።) ለከባድ ሚዛን አጭር ነበር፤ ክንዱም አጭር ነበር፤ ስለዚህ ተቀናቃኙን ለመምታት መጠጋት፣ ለመጠጋት ደግሞ መመታት ነበረበት። በ1952 ጀርሲ ጆ ዎልኮትን በ13ኛው ዙር በዝረራ ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን በነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በሴፕቴምበር 1954 ከኤዛርድ ቻርልስ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ሲጋጠም አፍንጫው ክፉኛ ተሰንጥቆ ደሙ ሊቆም ስላልቻለ ፍልሚያው በጉዳት ምክንያት ሊቋረጥ ደርሶ ነበር፤ በ8ኛው ዙር ቻርልስን ባይጥለው ኖሮ ያለመሸነፍ ታሪኩ እዚያ ባከተመ ነበር። በመጨረሻው ፍልሚያውም በ1955 አርቺ ሙር በ2ኛው ዙር ከመሬት አውሎታል፤ ተነሥቶ በ9ኛው ዙር አሸነፈ። ሳይሸነፍ ወጣ ስንል ሳይጎዳ ወጣ ማለታችን አይደለም። 49ኙም ድሎች በአካሉ የተከፈለባቸው ናቸው፤ ይህንንም ከእሱ በቀር ማንም ጠንቅቆ ሊያውቅ አይችልም።

በኤፕሪል 1956፣ በ32 ዓመቱ፣ ማቆሙን ለጋዜጠኞች አስታወቀ። ጀርባው ያመው ነበር፤ ከማኔጀሩ ጋር የነበረው ግንኙነት ሻክሮ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፍልሚያ ወራት በሚፈጀው ዝግጅት ከባለቤቱና ከትንሽ ልጁ ተለይቶ በልምምድ ካምፕ መኖሩም አስመርሮት ነበር። ያን ዕለት ከተናገራቸው ነገሮች አንዱን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። የጆ ሉዊስን ወደ ሪንግ መመለስ ስሕተት አድርጎ እንደሚቆጥረው፣ ማንም ወደፊት የሚያደርገውን በእርግጠኝነት መናገር ባይችልም፣ ድህነት ካላስገደደው በቀር ሪንግ ዳግም እንደማያየው ገለጸ። የኑሮ መሠረት እንዳለውና የነገው እንደማያስፈራውም ጨመረ። በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ 49 የተባለ ነገር የለም። ያለው ድህነት የሚለው ቃል ነው።

ጆ ሉዊስን ያነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ሆኖ ቀበቶውን 25 ጊዜ ያስከበረ፣ እስከ ዛሬ በከባድ ሚዛን ማንም ያልደረሰበት ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሁለት ፍልሚያዎች ያስገኙለትን ገንዘብ ለባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊቱ መረዳጃ ሰጥቶ፣ ራሱም በውትድርና አገልግሏል። በ1949 ሻምፒዮን እንደሆነ ተሰናበተ። ክብር ያለው ስንብት ነበር፤ ነገር ግን የመንግሥት የግብር ዕዳ ከወለዱ ጋር እየተቆለለ ሲያሳድደው፣ ዕዳውን ሊከፍልበት የሚችለው ብቸኛ ሙያ ቦክስ ሆነ። በ1950 ተመልሶ በኤዛርድ ቻርልስ ተሸነፈ። በኦክቶበር 1951 ደግሞ በ37 ዓመቱ ከወጣቱ ማርሲያኖ ጋር ተጋጠመና በ8ኛው ዙር በገመዶቹ መካከል ወደ ውጭ ወደቀ። ማርሲያኖ የልጅነት ጀግናውን በእጁ ከጣለ በኋላ ወደ ሉዊስ መልበሻ ክፍል ሄዶ እንዳለቀሰ ይነገራል። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ማርሲያኖ የአንድ ታላቅ ሻምፒዮን ፍጻሜ ምን ሊመስል እንደሚችል ከማንም በላይ በቅርብ ያየ ሰው ሆነ፤ ሲሰናበትም የጠራው ስም የሉዊስን ነው።

እዚህ ላይ በሉዊስ ላይ የሚሰነዘረውን ወቀሳ መቀበል ያቅተኛል። ሉዊስ ማቆም እንዳለበት ከማርሲያኖ ያነሰ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አስቀድሞ አቁሞም ነበር። የጎደለው ጥበብ ሳይሆን ገንዘብ ነው። አንዱን በሰዓቱ የሄደ ብልህ፣ ሌላውን መሄጃውን ያላወቀ ምስኪን እያልን ስናወዳድር፣ የኪስን ልዩነት የባሕርይ ልዩነት እናደርገዋለን።

ወደ ማወቁ ልመለስ። ቦክሰኛ ማብቃቱን የሚያውቀው እንዴት ነው? ይህን አሰልጣኛችንን ጠይቄያቸው ነበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው በደመወዝ ለክለብ የተጋጠሙ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው። “መጀመሪያ እግር ይደክማል ይላሉ፤ አይደለም” አሉኝ። “እግርህን በሩጫ ታስተካክለዋለህ። የሚቀድመው ዐይንና ሰውነት መለያየታቸው ነው። ቡጢው ሲመጣ ታየዋለህ፤ ድሮም ታየው ነበር፤ ድሮ ግን ስታየው ከቦታው ጠፍተሃል፤ አሁን እያየኸው እዚያው ቆመህ ይደርስብሃል። ይህን ሕዝቡ አያውቅም፤ ዳኛውም አያውቅም። ከአንተ ጋር የሚለማመደው ልጅ ግን ያውቃል፤ ከዚህ በፊት የማይነካህ ልጅ ይነካሃል።” ከወጣቶቹ አንዱ ይህን ሰምቶ፣ “ታዲያ ጋሼ፣ እርስዎ ያን ጊዜ አቆሙ?” ብሎ ጠየቃቸው። “እኔማ ቦክስን አላቆምኩም፤ ቦክስ ነው ያቆመኝ” አሉት። “ደመወዜ ከክለቡ ነበር፤ ቤት ተከራይቼ ልጅ አሳድግ ነበር፤ እያወቅሁት ቀጠልኩ።” ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ልጁም አልጠየቀም።

አሰልጣኛችን የነገሩኝ ነገር በድል ቁጥር አይታይም። ሻምፒዮን የሆነ ሰው በልምዱ፣ በስሙና በብልሃቱ እየተደገፈ፣ ሰውነቱ መዘግየት ከጀመረ በኋላም ሁለትና ሦስት ፍልሚያ ሊያሸንፍ ይችላል። ተመልካች አሁንም አሸናፊ ያያል፤ እሱ ግን ያን ድል ለማግኘት የከፈለው ዋጋ ከአምናው እጥፍ መሆኑን ያውቃል። ሌሊት ተነሥቶ መሮጡ፣ ሚዛን ለመግባት ሰውነትን ከውኃና ከምግብ መከልከሉ፣ በየልምምዱ የሚደርሰው ምት፣ እነዚህ ሁሉ ከፍልሚያው ሌሊት በፊት ያሉ ናቸው። ዛሬ አንድ የሻምፒዮና ፍልሚያ 12 ዙር ነው፤ ለእሱ ሲባል በልምምድ የሚደረጉት ዙሮች ግን ብዙ እጥፍ ናቸው። ክራውፎርድ ከ2008 ጀምሮ በዚህ ሕይወት ውስጥ ኖሯል። ከ61 ኪሎ ግራም ሚዛን ተነሥቶ በአምስት የተለያዩ ሚዛኖች የዓለም ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስ ሰውነቱን እንደገና እየሠራ መጥቷል።

የጭንቅላት ነገር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ሃሪሰን ማርትላንድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1928 ብዙ የተመቱ ቦክሰኞች ላይ የሚታየውን የአረማመድ መንገዳገድ፣ የንግግር መጎተትና የአእምሮ መድከም በሕክምና መጽሔት ከገለጸ ወዲህ ዘርፉ ብዙ ተጉዟል። ሆኖም በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሥር የሰደደ የአንጎል ጉዳት እስካሁን በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ብቻ ነው። ምልክቱም ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጓንት ከተሰቀለ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ቦክሰኛው ሐኪም ዘንድ ሄዶ “ስንት ቀረኝ?” ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ ጨለማ ውስጥ ሆኖ መወሰን አለበት። መሐመድ አሊ በኦክቶበር 1980 ከላሪ ሆምስ ጋር ሊጋጠም ሲመለስ ዕድሜው 38 ነበር፤ ክራውፎርድ በተሰናበተበት ዕድሜ ማለት ነው። ለአሥር ዙር ያህል ምት ሲቀበል ቆይቶ አሰልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ አስቆመው። ይህም ሆኖ በ1981 ባሃማስ ውስጥ ከትሬቨር ቤርቢክ ጋር አንድ ጊዜ ተጋጥሞ ተሸነፈ፤ በ1984 የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለበት ተነገረው። የምቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሐኪሞች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለእኔ ግን የእነዚያ የመጨረሻዎቹ ፍልሚያዎች ከንቱነት ክርክር የሚያስፈልገው ሆኖ አይታየኝም።

አገራችን የሯጮች አገር በመሆኗ ስለ ስንብት ያለን ስሜት በሩጫ የተቀረጸ ይመስለኛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 የኒው ዮርክ ማራቶንን ካቋረጠ በኋላ በእንባ ተሰናብቶ፣ ብዙ ሳይቆይ ሐሳቡን ቀይሮ ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን። ቀነኒሳ በቀለ በኤፕሪል 2024 በ41 ዓመቱ ለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ሲወጣ የተሰማን ደስታ ከወርቅ ሜዳሊያው አያንስም ነበር። ሯጭ ዘግይቶ ቢገባ የሚያጣው ሰዓት ነው፤ እኛም ሁለተኛነቱን በፍቅር እንቀበልለታለን። ይህንኑ ፍቅር ይዘን ወደ ቦክስ ስንመጣ፣ “አንድ ጊዜ ቢደግምልን ምን አለበት?” እንላለን። የ41 ዓመት ቦክሰኛ ግን የሚዘገየው በሰው ቡጢ ፊት ነው። እንደ ሯጭ እስከ መጨረሻው ታገል ብለን መለመናችን ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ በሌላ ሰው ጭንቅላት የሚከፈል ልመና መሆኑን ማሰብ አለብን።

ሳይሸነፉ የተሰናበቱት ሌሎችም ምክንያታቸውን ሲናገሩ ወደዚሁ ወደ ሰውነት ነው የሚመለሱት። አንድሬ ዋርድ በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ፣ በፕሮፌሽናልነቱም 32 ጊዜ ተጋጥሞ ያልተሸነፈ ቦክሰኛ ነው። ሰርጌይ ኮቫሌቭን ለሁለተኛ ጊዜ አሸንፎ በከፍታው ላይ ሳለ በሴፕቴምበር 2017 ተሰናበተ። ሰውነቱ የሙያውን ጫና መሸከም እንዳቃተው፣ ከዚህም የተነሣ የመፋለም ፍላጎቱ እንደ ጠፋ በግልጽ ተናግሯል። ዌልሳዊው ጆ ካልዛጊ 46 ጊዜ አሸንፎ በ2009 ሲሰናበት፣ እጆቹ ለብዙ ዓመታት በተደጋጋሚ ጉዳት ሲሠቃዩ ኖረዋል። ሜክሲኮአዊው ሪካርዶ ሎፔዝም ከ51 ድልና ከአንድ አቻ በኋላ በ2002 ጓንቱን ሰቅሏል። ከእነዚህ ጋር የኋለኛውን ዘመን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሌኖክስ ሉዊስንም አብሬ አየዋለሁ። ሉዊስ ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ ሁለቱንም ተበቅሏል፤ በ2003 ቪታሊ ክሊችኮን በጉዳት ምክንያት በተቋረጠ ከባድ ፍልሚያ ካሸነፈ በኋላ፣ ለመልስ ፍልሚያው የቀረበለትን ብዙ ገንዘብ ትቶ በ2004 መጀመሪያ ሻምፒዮን እንደሆነ ሄደ። በቁጥር ካየነው ከነማርሲያኖ ጎራ አይመደብም። ባደረገው ነገር ካየነው ግን ከሆምስ ይልቅ ለማርሲያኖ የሚቀርብ እሱ ነው።

በዙሪያ ያለው ሰው ድርሻም ቀላል አይደለም። ከአንድ ሻምፒዮን ገቢ ማኔጀር፣ አዘጋጅ፣ አሰልጣኝ፣ ዘመድ፣ ጓደኛ ሁሉ ይቆርሳል፤ እሱ ሲያቆም የብዙ ሰው እንጀራ ነው የሚቆመው። የአሊ የግል ሐኪም የነበረው ፈርዲ ፓቼኮ ከ1977ቱ የኧርኒ ሼቨርስ ፍልሚያ በኋላ የአሊ ኩላሊት መጎዳቱን የሚያሳየውን ውጤት ለቅርብ ሰዎቹ ልኮ ሰሚ ሲያጣ ቡድኑን ለቅቆ ሄደ። በዚያ ሁሉ አጀብ መካከል ለመሄድ የቆረጠው ሐኪሙ ነበር። ክራውፎርድ በስንብቱ በራሱ ምርጫ መሄድን እንደ ሌላ ዓይነት ድል ቆጥሮ መናገሩ ለዚህ ነው የሚገባኝ፤ ያን ውሳኔ የሚያስቀይሩ ድምፆች ምን ያህል እንደሆኑ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ደሴ ውስጥ ይህን ሁሉ መተንተን ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ከልጆቻችን አንዱም 42 ፍልሚያ አሸንፎ ስለ ስንብት የሚጨነቅበት ቀን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ለእኔ ግን ጥያቄው እነሱን የሚነካው ከክራውፎርድ በበለጠ ነው። እዚህ አገር ቦክሰኛ ብዙውን ጊዜ ስንብቱን አይመርጥም። ክለቡ ውሉን ሳያድስለት ይቀራል፤ ወይም እጁ ይሰበራል፤ ወይም ልጅ ይወለድና የቀን ሥራው ልምምዱን ይበላዋል። ማርሲያኖ ድህነት ካላስገደደኝ ያለው ሁኔታ ለእኛ ልጆች መነሻቸው ነው። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ የፋብሪካ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለቦክስ ሊሰጥ ሲያስብ፣ ሌላው የኮሌጅ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ሲያማክረኝ፣ አትተው የምለው ሕልሙን ንቄ አይደለም። በእጁ ሌላ ሙያ ያለው ልጅ፣ አንድ ቀን ሰውነቱ ሲነግረው የመስማት ዕድል ይኖረዋል። ሌላ ምንም የሌለው ግን እያወቀ ይቀጥላል፤ አሰልጣኛችን እንደነገሩን።

ፈርቶ ነው ላለው ልጅም መልስ አለብኝ። ማርሲያኖ ካቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1959፣ ኢንገማር ዮሐንሰን የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን፣ ለመመለስ አስቦ በድብቅ ልምምድ ጀምሮ እንደነበር ይታወቃል። ወር ያህል ሞክሮ ተወው። በ1969፣ 46ኛ ዓመቱን ሊይዝ አንድ ቀን ሲቀረው በአውሮፕላን አደጋ እስኪሞት ድረስ አልተመለሰም። ይህ ታሪክ የሚነግረኝ ስንብት በአንድ ቀን መግለጫ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑን ነው። ጭብጨባው ይናፍቃል፤ ገንዘቡ ይጠራል፤ አዲስ ሻምፒዮን በተነሣ ቁጥር “አሸንፈው ነበር” የሚል ሐሳብ ሌሊት ይመጣል። ፍርሃት ሰውን ከአንድ ፍልሚያ ሊያስቀር ይችል ይሆናል፤ ለዓመታት በየቀኑ የሚመጣውን ጥሪ እንቢ ለማለት ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ለክራውፎርድም ጥሪው መምጣቱ አይቀርም። ቢመለስ እንደ ጆ ሉዊስ ሁሉ ምክንያቱን ሳላውቅ አልፈርድበትም፤ ከልቤ የምመኘው ግን እንዳይመለስ ነው።

በእኛዋ መለማመጃ ክርክሩ አንድ ነገር አስከትሏል። የአማተር ቦክስ ደንብ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዝረራ የተሸነፈ ተወዳዳሪ ቢያንስ 30 ቀን ከልምምድ ግጥሚያም ሆነ ከውድድር እንዲርቅ ያዝዛል፤ በየሰፈሩ ባሉ መለማመጃዎች ግን ውድድር ላይ ካልሆነ በቀር ይህን የሚያስታውስ ብዙም የለም። አሰልጣኛችን አሁን በልምምድ ላይ ተመትቶ ያዞረው ወይም ራሱን ያመመው ልጅ ሁሉ ስሙ ተመዝግቦ እንዲያርፍ ወስነዋል። ልጆቹ አልወደዱትም። ከመካከላቸው ጎበዙ፣ የክልል ውድድር የሚጠብቀው፣ “ደኅና ነኝ” እያለ ይሟገታል። “አብሽር፣ ጓንትህን ማንም አይወስድብህም” ይሉታል ጋሼ፤ መዝገቡን ግን አይሰርዙለትም። እኔም በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ለቤተሰቡም ራሴ ሄጄ ነግሬያለሁ።